ክረምትን በጋ ያሉ ንቦች

ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ከሦስተኛው ቀፎ አጠገብ ጉንዳን ግድግዳውን ይዞ ሲወጣ አገኘሁት። አመድ ነሰነስኩበት። ሌላ የተለየ ነገር የለም። ዘጠኙም ቀፎ ከታዛው ሥር ደህና ነው።

ልጄ የብርጓል እንደ ወትሮው ለባሏ ለሙላት ስንቅ ቋጥራ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ሄደች። ሙላት ከታሰረ ዛሬ አርባ ሦስት ቀኑ። በድርቆሽ ሸክም ውስጥ ጥይት ደብቆ ወደ ጫካ ሊያወጣ ሲል ነው የያዙት። ልጄ ስንቁን ለዘበኛ ትሰጣለች፣ ዘበኛው ግማሹን ይበላል፣ የቀረውን ለሙላት ያደርሳል። ይህን ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የሚሉት።

ወረቀቱን የሰጠኝ ጎረቤቴ ደርቤ ነው፤ የጣሊያኖቹ ቱርጁማን። በአንድ ገጹ የማላነበው ጽሕፈታቸው አለበት፣ በሌላው እኔ አለሁ። ደርቤ ድሮ ከአገረ ገዢው ደጅ አይጠፋም ነበር። ጣሊያን በገባ በሳምንቱ ኮፍያ ደፋ፣ በወሩ ጢሙን እንደነሱ ተቆረጠ። እስስት እንኳ ቀለሟን ስትለውጥ ትንሽ ታስባለች።

ጽፌ ስጨርስ ጓሮ በተሰቀለው ባዶ ቀፎ ውስጥ እደብቀዋለሁ። ቀፎ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ጣሊያን ገና አልተወለደም።

ግንቦት ፲፭

ተወልዷል።

ካፒታኖ ፌራንቲ ይባላል። ደርቤን አስከትሎ ቤቴ ድረስ መጣ። በከተማው ከኔ የተሻለ ማር ቆራጭ የለም ብለው ነግረውት ነው። እውነት ነው... ግን ማን ነገረው?

በአንደኛው ቀፎ አፍ ውስጥ ጣቱን ከተተ። ነደፉት። ሳቀ። አባቱም አያቱም ንብ ይዘው የኖሩ ናቸው አለ። ጣቱ እያበጠ ስለ ንቦቻችን ያስተምረኝ ጀመር። ቁጡ ናቸው። ሥርዓት አያውቁም። ትንሽ ሲነኳቸው ቤታቸውን ጥለው ይሸሻሉ። ስለ ንብ ነው የሚያወራው ወይስ ስለ ሰው? ደርቤን ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።

ከአገሩ ዐሥር ሣጥን ንብ ያስመጣል። የማይናደፉ፣ ታዛዦች፣ ወርቅ የሚመስሉ። ጠባቂያቸው እኔ። ኅዳር ላይ ጄኔራሉ ሲመጣ ማሩ እፊቱ ይቆረጣል። ማሩ ካማረ ሙላት ይፈታል።

"ካላማረስ?" አልኩ።

ደርቤ አልተረጎመውም። ጠጋ ብሎ "መሪጌታ፣ ይህን ባይጠይቁ ይሻላል" አለኝ።

ሰኔ ፫

ሣጥኖቹ በካሚዮን ደረሱ። ከምሽጉ በታች ሜዳው ላይ በአንድ መስመር ተሰለፉ። ሁሉም በኖራ የነጡ፣ የሁሉም በር ወደ አንድ ወገን። እኛ አንዱን ቀፎ ከታዛ፣ አንዱን ከዛፍ፣ አንዱን ከአጥር ነው የምንሰቅለው። ንብ ደጇን የምትለየው በአካባቢው ነው። አራርቋቸው፣ በሮቹንም ለያዩ አልኩ። ካፒታኖው ሥርዓት ነው አለ። ሥርዓት ከሆነ እሺ።

ንቦቹ ግን ያምራሉ፤ አልዋሽም። ቢጫ ናቸው፤ ልስልሶች። እጅ ላይ ወጥተው ይሄዳሉ። በር ላይ የቆሙት ጠባቂዎች መጪውን ሁሉ ዝም ብለው ያስገባሉ። የእኛዎቹ ሳያሸቱ የገዛ እኅታቸውንም አያስገቡም።

አንድ ነገር ደግሞ ነገረኝ፤ አውራው ሴት ናት አለ። የንቡ ሁሉ አለቃ... ሴት። እንቁላል የምትጥል። ሃምሳ ዓመት ንብ ይዤ ይህን ልስማ? ሳቄን በሳል አሳለፍኩት። ደርቤንም ሳል ያዘው።

ሰኔ ፲፪

የብርጓል ዛሬ እራት ስታቀርብልኝ፣

"አባ፣ ገበያ ላይ ምን እንደሚሉዎት ያውቃሉ?"

"ምን ይላሉ?"

"የጣሊያን ዝንብ እረኛ።"

ለሙላት ስል መሆኑን ነገርኳት። "እኔ አውቃለሁ" አለች፤ "ገበያው ግን አያውቅም።"

ቆረቆረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ገበያ ለሰው ሁሉ ስም ሳወጣ ኖሬያለሁ። ለፈንታ፣ ለማሬ፣ ለአለቃው ለራሳቸው ያወጣሁት ስም ዛሬም ይጠሩበታል። የኔ ተራ ሲደርስ ደስ አይልም ለካ።

ሐምሌ ፯

ዝናብ... ዝናብ... ዝናብ።

የእኛ ንቦች ሥራ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መፈልፈሉን ቀንሰዋል። ያለቻቸውን ማር እየቆጠቡ አደይ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ይህ ደጋ እነሱን የሠራበት ጊዜ ረጅም ነው።

የካፒታኖው ንቦችስ? በአገራቸው ሐምሌ የሞቀ በጋ ነው አሉ። አበባው የሚበዛበት። ስለዚህ በጋ ነው ብለው ልጅ በልጅ ላይ ይፈለፍላሉ፣ ማራቸውን ይጨርሳሉ፣ በጉም ውስጥ አበባ ፍለጋ ይወጣሉ። የወጣው አይመለስም። ጭቃው ላይ ቢጫ ቢጫ ሆነው ተበትነዋል። የሚቆጥሩት ወር የሮም ነው፤ ዝናቡ ግን የጎጃም።

ካፒታኖውም በስስ ሸሚዝ ወጥቶ ሲያስነጥስ ዋለ። እሱም በጋ መስሎታል።

ሐምሌ ፲፱

ለንቦቹ ሁለት ጆንያ ስኳር ታዘዘ። በውሃ በጥብጬ አበላለሁ። ሙላት በቀን አንድ እፍኝ ባቄላ ነው የሚሰጠው፤ ንቡ ግን ስኳር።

ልሰርቅለት አሰብኩ። ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ ያየኛል። ዓይኑን ሲያነሳ አፌ ውስጥ አንድ ጭብጥ ጨመርኩ። ጣፋጭ ነው... ምራቄን ስውጥ አፈርኩ።

ነሐሴ ፬

ዛሬ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ወጣች። የስኳሩ ሽታ ከሜዳው ተነስቶ እስከ ታዛዬ ደረሰ። የገዛ ንቦቼ፣ ዘጠኙም ቀፎ፣ ገመድ እንደተዘረጋ መስመር ይዘው ወደ ሣጥኖቹ ወረዱ። የቢጫዎቹ ጠባቂዎች እንደ ልማዳቸው አስገቧቸው። ምን ያድርጉ፣ ተው የሚል ጠባይ የላቸውም። ጥቁሮቹ ስኳሩንም፣ የቀረችውን ማርም ጠርገው ወደ ቤቴ አመጡት። ሊከለክል የሞከረው በር ላይ ተጋድሟል።

በመጀመሪያ ሳቅኩ። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። የዘረፈ ተዘረፈ እያልኩ። ከዚያ ሙላት ትዝ አለኝ።

እነዚህ የኔ ንቦች የበሉት የማንን መፈቻ ነው? ሮጬ የሣጥኖቹን በር በሣር ወተፍኩ። ረፍዷል።

ነሐሴ ፲፮

አንድ ሣጥን ቀርቷል። በውስጡ ያለው ንብ ጭልፋ አይሞላም።

ጳጉሜን ፪

ካፒታኖው ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። የሚመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ዘጠኙ ሣጥን ባዶ መሆኑን አያውቅም።

የብርጓል ዛሬ ሙላትን በሩቅ አየችው። እግሩ አብጧል። ሁለት ሰዎች ደግፈውት ነው ፀሐይ ያሞቁት። አላለቀሰችም። ገብታ ተቀመጠችና፣

"አባ፣ ያንቱ ንቦች እነዚያ ሣጥኖች ውስጥ መኖር አይችሉም?"

"ይሸሻሉ" አልኳት።

"አበባ በሚፈነዳበት ወር ማን ይሸሻል?"

እውነቷን ነው። ግን ዘጠኝ ቀፎ... ከአባቴ የወረስኳቸው። ንብ ቆጥሬ ነው ያደግሁት። ሙላት ደግሞ የልጄ ባል። ይህ የሚመዘን ነገር ነው? አይደለም። ግን ስመዝን ዋልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መስከረም ፮

አለቀ። ሁለት ምሽት ፈጀ። ስኳሩ ካለቀ ወዲህ ሜዳውን የሚጠብቅ የለም፤ ባዶዎቹን ሣጥኖች በሌሊት ወደ ጓሮዬ አምጥተን ሳይነጋ መለስናቸው። ቀፎዎቹን በመጥረቢያ ቁመታቸውን ፈለጥኳቸው። የማር እንጀራውን ከነልጆቹ እየቆረጥኩ፣ የብርጓል እንደ መስኮት ባለው በካፒታኖው እንጨት ላይ በክር እያሰረች ዘጠኙ ሣጥን ውስጥ ደረደርን። የዐሥረኛው ጥቂት ቢጫዎች ሞተዋል፤ እሱ ባዶውን ቀረ። አውራውን ካገኘን ሌላው ይከተላል። ደርቤ በአጥሩ በኩል አየንና ፊቱን አዞረ። ሣጥኖቹ ባዶ ሆነው ቢገኙ አብሮ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጻፍ። ለማንም አልናገረውም። አውራውን አየሁት። በፋኖሱ ብርሃን፣ እንጀራው ላይ እየሄደ፣ ጭራውን ወደ ቀዳዳው ሰደደ፣ አወጣ። ቀዳዳው ውስጥ አንዲት ነጭ እንቁላል ቆማለች። ወደ ሌላው ቀዳዳ ሄደ፣ ሰደደ፣ አወጣ። ሄደች ልበል እንግዲህ።

ሃምሳ ዓመት። ካፒታኖው ትክክል ነበር።

የአባቴ ቀፎዎች ማገዶ ሆነዋል። የቀረው ይህ ወረቀት የሚደበቅበት ባዶው ብቻ ነው።

መስከረም ፲፰

አልሸሹም። ሜዳው በአደይና በመጭ ቢጫ ሆኗል። ሣጥኑን ማን እንደሠራው አይጠይቁም፤ ይሞሉታል። ሲመሽ ወደ ታዛዬ ቀና ብዬ አያለሁ። ድምፅ የለም።

መስከረም ፳፬

ካፒታኖው መጣ። የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈተ። አየ። ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስት ቦታ ነደፉት። ደርቤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ያው።

"ጠቁረዋል" አለ ካፒታኖው።

"ጠቁረዋል" አልኩ።

ወደ ምሽጉ ተመለሰ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ዞሮ መጣ። ፊቱ በርቷል። ለደርቤ ረጅም ነገር ነገረው። ሲጨመቅ እንዲህ ነው፤ ፍጥረት የሚኖርበትን አገር መልክ ይይዛል፤ የደጋው ፀሐይና ብርድ ንቦቹን አጠቆራቸው፤ ቁጣም ጨመረባቸው፤ ይህን ለሮም ይጽፋል። በአራት ወር! ንብ በአራት ወር ከጠቆረ፣ እሱ ሁለት ዓመት እዚህ ኖሮ ቀላ እንጂ አልጠቆረም።

አምኖ ነው? ወይስ እንደኛው መውጫ ፈልጎ? የንብ ሰው ልጅ ነው። ዓይኑን አየሁት፤ ያሰበውን ግን አላነበብኩበትም።

ጥቅምት ፱

ሣጥኖቹ ከብደዋል። ካፒታኖው ደስ ብሎት ኅዳርን አልጠበቀም። ሙላትን ፈታው።

ፈታው ልበል? የባንዳ ልብስ አልብሶ፣ ጠመንጃ አስይዞ፣ የሣጥኖቹ ዘበኛ አደረገው። እሺ ብሎ ለበሰ። እያነከሰ ቤቴ ገባ፣ ጉልበቴን ሳመ። ቀና በል አላልኩትም። ዘጠኝ ቀፎ የፈለጥኩት ለዚህ ነው? የካፒታኖው ንብ ጠቁሮ የኔ አማች ቢጫ ለብሶ ወጣ።

ጥቅምት ፳፫

የብርጓል ያን ልብስ ታጥባለች፤ እያንጎራጎረች። እፍረት የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ወጥቷል። ገብስ ትቆላለች፣ ትፈጫለች፤ የደቆሰችው በሶ ለሠራዊት ይበቃል። ለማን ነው ስላት ለክርስትና ነው አለችኝ። የማን ልጅ ክርስትና? አልነገረችኝም። ጫጫታዋ አናደደኝና ወደ ንቦቹ ወጣሁ።

ኅዳር ፪

ካፒታኖው ዛሬ ንብ ሊሸሽ ሲል በምን ይታወቃል ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፤ ከአገር የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አውቀዋለሁ አልኩት። መሰብሰብ ይተዋሉ። ያለውን ማር በሆዳቸው ይሰንቃሉ። አዲስ ቦታ የሚያዩ መልእክተኞች ይመላለሳሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ፀሐያማ ቀን አውራውን ይዘው በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ የሸሸብኝ ቀፎ የለም አልኩት። ጻፈው።

ቤት ስገባ ሙላት የለም። ደብረ ኤልያስ ዘመድ ጥየቃ ሄደ አሉኝ፤ በዚህ በሦስት ሳምንት ሦስተኛው ነው። ምን ዓይነት ዘመድ ነው? ጥጃዋ ተሸጣለች። የብርጓል ማንጎራጎሩን ትታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ደግ ነው፤ እንቅልፍ እተኛለሁ።

ኅዳር ፱

ሞኝ ነኝ።

የብርጓል እፊቴ ተቀመጠች። "አባ፣ ጄኔራሉ በሚመጣበት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ወደ ጫካ እንሄዳለን። የንቡን ያውቃሉና የኛንም ያውቁታል ብለን ስንጠብቅ ነበር።"

ሙላት ልብሱን እሺ ብሎ የለበሰው ለጠመንጃው ነው። አራት ዘበኞች አብረውት ተማምለዋል። ወደ ጫካ የላኩት ሰው ተመልሷል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው ላይ የሚሰለፈውን ሌላውን ወታደር ለጥቂት ጊዜ ማን ይበትነው?

ገባኝ። ካፒታኖው ማሩ በቀትር ይቆረጣል ብሏል፤ በአገሩ እንደዚያ ነው። የእኛን ንብ በቀትር የከፈተ ሰው ግን በዚህ አገር የለም። ሲመሽ፣ በኩበት ጭስ፣ በቀስታ ነው። ይህንን ልነግረው ስዘጋጅ ነበር። ጄኔራሉ ቢነደፍ የምሰቀለው እኔ ነኛ!

"ልነግረው ነበር" አልኳት።

"ዕድሜ ልክዎን ሲናገሩ ኖረዋል" አለች። "አንድ ቀን ዝም ይበሉ።"

ፈራሁ። ይህን ደግሞ ማን ያየዋል፣ እዚህ ልጻፈው፤ ፈራሁ።

ኅዳር ፲፪

ጠዋት። ፀሐይ አለ። ነፋስ የለም።

ኅዳር ፲፯

ከደብረ ኤልያስ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ነን። የቀኝ ዓይኔ ዛሬ ተከፈተ።

ጄኔራሉ ጥላ ተይዞለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ካፒታኖው ራሱን ሳይሸፍን፣ የጻፈውን ወረቀት በብብቱ ይዞ ቀረበ። የማይናደፉ መሆናቸውን ሊያሳይ ነው። የመጀመሪያውን ክዳን ትንሽ እንዳነሳ ያ የተቆጣ ንብ ድምፅ ወጣ። አወቀው። የንብ ሰው ልጅ ያን ድምፅ አይስተውም። እጁ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። ደርቤ ተረጎመ፦

"'በአገራችሁ ማር በቀትር ይቆረጣል?' ይላሉ።"

ሁሉም አየኝ። ዝም በል የተባልኩት እኔ፣ ዝም የማልልበት ቀን መጣ። ከአራት ወታደር በስተጀርባ ሙላት ቆሟል።

"የእኛን ንብ ሲመሽ ነው የምንቆርጠው" አልኩ። "ይህች ግን የእርስዎ ንብ አይደለች? ጠቆረች እንጂ ጣሊያን ናት ብለው ለሮም ጽፈዋል።"

ደርቤ አንድ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ካፒታኖው ጄኔራሉን አየ። ብብቱ ሥር ያለውን ወረቀት አየ። ክዳኑን ከፈተ። ሌላ ምን ያድርግ? እኔም እንደታዘዝኩ የቀሩትን ስምንቱን በተራ ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላየሁም። አንዷ ስትነድፍ ሽታዋ ሌላዋን ይጠራል። ሣጥኖቹ መስመር ይዘው፣ ተመሳስለው ቆመዋልና ንቡ ቤቱ የቱ እንደሆነ ጠፋበት፤ እርስ በርሱም ያገኘውንም ይነድፋል። የጄኔራሉ ወንበር ተገለበጠ። ወታደሩ ጠመንጃውን እየጣለ ወደ ምሽጉ ሮጦ በሩን ከውስጥ ዘጋ። እነ ሙላት ዐሥራ አራት ጠመንጃ ለቀሙ። ሙላት የለበሰው የጣሊያን ካፖርት ወፍራም ነው፤ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተነደፈው። እኔን ግን ያሳደግኋቸው ንቦች አልለዩኝም።

ካፒታኖውን ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው አልሸሸም። ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ክዳኖቹን አንድ በአንድ እየዳበሰ ሊመልስ ይሞክራል። በዚህ አልሳቅኩም። አምስት ቀን ሙሉ ልስቅበት ሞክሬ አልሆነልኝም።

የብርጓል በቅሎዋን ይዛ ከወንዙ ማዶ ትጠብቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የምትመርጠው እሷ ናት። በሶውን የምታካፍለው እሷ፣ ተነሱ የምትለው እሷ። የታጠቀው ሁሉ ወደ እሷ እያየ ነው የሚቆመውና የሚሄደው። እኔ ባዶውን ቀፎ በጀርባዬ አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። ይጣሉት ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ቆላው ሌላ አበባ፣ ሌላ ንብ አለው። ጠባዩን ገና አላውቀውም። ቢሆንም በወይራ አጥኜ ሰቅዬዋለሁ።

ለኔም ሥራ ሰጠችኝ። ከመንገዱ አንገት ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ። ከየት ነህ፣ የማን ነህ፣ ማን ያውቅሃል። በንብ ቤት ይህ ያረጁት ሥራ ነው። አልተከፋሁም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ወረደ። በባዶ እግሩ፣ ኮፍያ የለውም፣ ከንፈሩ አብጧል፣ ጢሙ መልሶ ማደግ ጀምሯል። ደርቤ።

"መሪጌታ፣ ያን ቀን ቃልዎን ሳልቀንስ ነው የተረጎምኩት" አለ።

እውነት ነው። አንድ ቃል አጣሞ ቢሆን ዛሬ ሁላችንም ገመድ ላይ ነበርን። ግን ደርቤ ነው... ደግሞ መልሶ ጢሙን ያሳድግ? ሽሙጥ ምላሴ ላይ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጥኩት። ከላይ እስከ ታች አየሁት። ላብና ጭስ ይሸታል፤ እንደኛው።

እዚያው ቁጭ በል አልኩት። አውራዋን ሳልጠይቅ አላስገባም።